ስልክ የሚሞላው ኮንቨርተር

ሙለታ ከሁለት ኮንቨርተር አንዱን ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሮቤ ላይ ሠላሳ ዓመት ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሰው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ፊት ተገትሮ ሲያመነታ ላየው ያስቅ ነበር። የመለዋወጫ ነጋዴው ዓብዱልፈታሕም መጀመሪያ ሳቅ አለ። ሰውየው ዕቃውን ለምን እንደፈለገው ትዝ ሲለው ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበር አቀረበለት።

የሁለቱም ቦርዶች ሥራ አንድ ነው። ከባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ይቀበላሉ፤ በሌላው ጎናቸው ሁለት የተለያየ ቮልት ያወጣሉ። ለእያንዳንዱ መውጫ በካቻቪቴ ጫፍ የምትዞር ብሎን አለችው፤ እሷን በማዞር ቮልቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ልዩነታቸው አንዱ ደረቅ መሆኑ ነው፤ ከሽቦ ማሰሪያ በቀር ምንም የለውም። ሌላው በአምስት ቮልቱ በኩል የስልክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው።

«ኦቦ ሙለታ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣» አለ ዓብዱልፈታሕ። «ይሄ ደረቁ ለሚያውቅ ሰው ነው። ያኛውን ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ መብራት ሲጠፋ ስልክ ይሞላላቸዋል። ግን ብዙ ስልክ ከተንጠለጠለበት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን ያጠፋል። ሁለቱንም መውጫ ነው የሚዘጋው። ወላሂ፣ ሳይነግረኝ ሸጠልኝ እንዳይሉኝ።»

«አውቃለሁ፣» አለ ሙለታ።

ያውቃል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት እንዲህ አይከብድም ነበር።

ሙለታ የሚሠራው የከሰል ጭስ የሚያሸት መሣሪያ ነው። ጭስ ማለት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ የሚገድለው ነገር አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። እሱን የምትለየው ሴንሰር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ቆርቆሮ ናት፤ ጠባይዋ ግን የቅምጥል ልጅ ነው። አንድ ደቂቃ በአምስት ቮልት ሞቅ ብላ የተጠራቀመባትን ታራግፋለች። ከዚያ ደቂቃ ተኩል በአንድ ነጥብ አራት ቮልት ቀዝቀዝ ብላ ታሸታለች። አንደኛው ቮልት ከጎደለባት ወይም ከበዛባት ትደነዝዛለች፤ ቤት ሙሉ መርዝ ቢገባ ትንፍሽ አትልም። ሁለት ቮልት የሚሰጥ ኮንቨርተር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሚስቱን ቀለሟን የቀበራት የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ነው። ያን ሰሞን ውርጩ ጠንቶ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውሃ ይረጋ ነበር። ቀለሟ የከሰል ማንደጃዋን ከጓዳ አምጥታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። ሙለታ ሳል ይዞት ስለነበር እንዳልረብሻት ብሎ በሩ ሥር መደቡ ላይ ተኛ። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ዕድሜውን ሙሉ ሲረግመው ኖሮ በዚያ ነፋስ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ከሰል ገብቶ አያውቅም። ሲበርደው ሁለት ጃኬት ደርቦ ይቀመጣል፤ ሰዎች ሲያሽሟጥጡት አይሰማም።

አንድ ልጅ አለችው፣ ሀዋኒ። ጎባ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ግን እናት በሌለችበት ቤት ማን ያነሳታል፣ ማን ያስቀምጣታል? ስለዚህ በታኅሣሥ መጀመሪያ አማቷ ቤት ወለደች። ባሏ ፊሮምሳ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው፤ የስንዴው አጨዳ ገና ስላላለቀ ወደ ጊኒር በኩል ሄዷል፣ የልጁን ፊት ያየው በስልክ ነው። ሴት ልጅ ናት። ቢሊሱማ አሏት።

ሙለታ በማግስቱ ሄደ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ አልጋው አጠገብ ባለችው ማንደጃ ላይ አረፈ። መስኮቱ ምች እንዳይገባ ተብሎ ዙሪያውን በጨርቅ ተወትፏል። ያልተጋበዘበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

«አዴ ሲምቦ፣ ይሄ ነገር ይውጣ፣» አለ።

አማትየዋ አዴ ሲምቦ ደግ ሴት ናቸው፤ ምራታቸውን ከልጃቸው አስበልጠው ይወዳሉ። «አራስ ያለ እሳት ላሳድር ነው የሚሉኝ?» አሉ። «ጎባ እኮ ነው፣ ኦቦ ሙለታ። ብርድ ገብቷት አንድ ነገር ብትሆንብኝ ለርስዎ ምን ብዬ ልመልስ?»

የሴት ልጅ አባት በሰው ቤት እሳት አውጡ አግቡ ብሎ አያዝም። ጨቅላዋም አፍንጫዋ በብርዱ ቀልቶ ነበር። ሙለታ ማንደጃውን ማስወጣት ካልተቻለ ማንደጃውን የሚጠብቅ ነገር ማስገባት ነው ብሎ ሮቤ ተመለሰ።

እንግዲህ ዓብዱልፈታሕ ሱቅ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ኮንቨርተሮች በየተራ ከባትሪ ጋር አገናኘ፣ ብሎኖቹን አዙሮ አንዱን አምስት ላይ፣ ሌላውን አንድ ነጥብ አራት ላይ አቆመ፣ የቮልት መለኪያ ቴስተሩን ደቀነ። ደረቁ ንቅንቅ አላለም። ባለቀዳዳው ላይ የራሱን ስልክ ሰካበት፤ ዝቅተኛው ቮልት ትንሽ ተንገዳግዶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በባለ ሁለት አፍ ገመድ የዓብዱልፈታሕን ስልክ ሲጨምርበት ቦርዱ ሞቀ። በጣቱ ነካው፤ አያቃጥልም፣ ግን ሞቋል።

«ደረቁን ይውሰዱ፣» አለ ዓብዱልፈታሕ።

ሙለታ ባለቀዳዳውን ወሰደ።

ለምን ቢባል ምክንያቱ የሚያሳፍር አልነበረም፤ ናፍቆት ነው። ቀለሟ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ ቤቱ ይጨንቀዋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ለሀዋኒ ይደውላል፤ እራት በላሽ፣ ልጅቷ ጠባች፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሌላ ወሬ የለም፣ ግን በዚያች አምስት ደቂቃ ያድር ነበር። ጎባ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ስልኳ ይዘጋል። ያኔ ያቺ የማይታወቅ ሴትዮ በተቀዳ ድምፅ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ትለዋለች። ሙለታ ይህቺን ሴትዮ አይቷት ባያውቅም ይጠላት ነበር። ኮንቨርተሩ ስልክ የሚሞላ ከሆነ ግን የልጁ ስልክ መቼም አይዘጋም። አንድ ስልክ ደግሞ ምን ያመጣል?

መሣሪያውን ሠርቶ ሲጨርስ ልቡ ጠረጠረ። ቀዳዳውን በሙጫ ልድፈነው ብሎ ቱቦውን አንስቶ ክዳኑን ከፍቶ ነበር። መልሶ ዘጋው።

ጎባ ወስዶ ከነባትሪው በአራሷ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሳጥኑ ከአሮጌ ሬድዮ የተወሰደ ነው፤ ፊቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች። «ይቺ ስትበራ ነቅቷል፣» አላቸው። «ጭሱ ሲበዛ ይጮኻል። መብራቷ ከጠፋች ግን ተኝቷል ማለት ነው፤ ያኔ እሳቱ ወዲያው ይውጣ።» ሀዋኒን ሦስት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ እናትና ልጅን ሳሎን አውጥቶ፣ በደንብ ያልተቀጣጠለ ከሰል አስገብቶ በሩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ሳጥኑ ጩኸቱን ለቀቀው፤ አዴ ሲምቦ ደንግጠው ማንደጃዋን አፈፍ አድርገው ወደ ውጭ ሮጡ። ተመልሰው ሲገቡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ኦቦ ሙለታ፣ የቀለሟ ነፍስ ናት ይሄን ያሠራችዎት፣» አሉት። ሙለታ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መሣሪያው ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ሦስቱንም ጊዜ እሳቱ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ። ሀዋኒ በስልክ በነገረችው ቁጥር ሙለታ ልቡ ይሞላል። አንድ ነገር ግን ልብ አላለም። አዴ ሲምቦ ድሮ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ፍም እስኪሆን ጠብቀው ነበር የሚያስገቡት፤ ቤቱ ሞቅ ሲል ደግሞ መልሰው ያወጡት ነበር። አሁን ገና ጥቁሩ ሳይለቅ ያስገቡታል፣ እስኪያልቅም ይተዉታል። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ማሽኑ ይጠራናል» ይላሉ። እምነታቸው ከዓይናቸው ወደ ሳጥኑ ዞሯል፤ ሳጥኑን ያመጣው ደግሞ ሙለታ ነው።

በታኅሣሥ መገባደጃ ጎባ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ሆነ። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበርና ከቅዳሴ መልስ አራስ ጠያቂው ቤቱን ሞላው። ሙለታ ሮቤ ሱቁ ውስጥ የሰው ቴሌቪዥን በትኖ ብየዳ ላይ እንዳለ ሀዋኒ ደወለችለት።

«አባባ፣ እንግዳው ጉድ ነው፣» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አለ። «እኔን ሊጠይቅ የመጣ እንዳይመስልዎት። የርስዎን ኮንቨርተር ሊጠይቅ ነው። ሶረቲ አለች አይደል፣ ጎረቤታችን፣ ባለ ብዙ አፍ ገመድ ይዛ መጣች።»

ሙለታ የብየዳውን ብረት አስቀመጠ። «ስንት ስልክ ነው የተሰካው?»

«አምስት፣ የአዴን ጨምሮ። የኔ ጠዋት ሞልቷል።»

«ሀዋኒ፣ ይበዛል። ንቀይው።»

ከበስተጀርባዋ የሴቶች ጨዋታ ይሰማል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዳ ፊት እንዴት አድርጌ ልንቀል፣ አባባ? ማርያም ማረችሽ ብለው የመጡ ሰዎችን? አዴስ ምን ይላሉ?»

ሙለታ እዚህ ላይ ነው የተሸነፈው። ተነስቶ ቢሄድ ጎባ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን ሲገባ ታየው፤ የሴት ልጅ አባት ተንደርድሮ መጥቶ የእንግዳ ስልክ ሲነቅል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲተያዩ፣ አዴ ሲምቦ ሲሸማቀቁ። ልጁ ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም የምትኖረው እዚያ ቤት ነው። ይሉኝታ ያዘው። የበተነው ቴሌቪዥን ባለቤትም ማታ ይመጣል ብሎ ለራሱ ምክንያት ጨመረለት።

«እሺ፣ ሲሄዱ ግን ወዲያው ንቀይ፣» አላት። «መብራቷንም እይ።»

«እሺ አባባ። ያምሹ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙለታ ያወቀው ቆይቶ፣ ከአዴ ሲምቦ አፍ ነው። እንግዶቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። ስልኮቹ ገና ስላልሞሉ «ይቆዩልን፣ ነገ እንወስዳለን» ብለው ትተዋቸው ሄዱ። መደርደሪያው ላይ ተደግፈው የቆሙት ስልኮች አረንጓዴዋን መብራት ጋርደዋታል። ሀዋኒ ቀኑን ሙሉ ከእንግዳ ጋር ተቀምጣ ስለዋለች ዓይኗ ይከደናል። አዴ ሲምቦ አዘኑላት። ብርዱ ሲበረታ አዲስ ከሰል ጨምረው ማንደጃዋን አስገቡላት። ጨቅላዋ ስታለቅስ ደግሞ እናቷ ትንሽ ትረፍ ብለው አቅፈዋት ወደ ሳሎን ወጡና በሩን ገጠም አደረጉት። ሁሉም የተደረገው በፍቅር ነው።

አንድ ሰዓት ሲሆን ሙለታ ደወለ። ስልኩ ጠራ። ያቺ የተቀዳች ሴትዮ አልመጣችም፤ ሦስት ቀን መብራት በሌለበት ከተማ የልጁ ስልክ ጥርት ብሎ ይጠራል። ሙለታ ብቻውን ፈገግ አለ። ስልኩ ግን ሳይነሳ ቀረ። እያጠባች ይሆናል ብሎ ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ሦስተኛ ጊዜም ደወለ። የአዴ ሲምቦን ሞከረ፤ እሱም ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

ዓብዱልፈታሕ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሙለታ በር ላይ ቆሞ አገኘው። ፊቱን አይቶ ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ። የጎባን መንገድ እንዴት እንደጨረሱት ሁለቱም አያስታውሱም።

አዴ ሲምቦ ሳሎን ውስጥ በሻማ ተቀምጠው ሕፃኗን እያወዛወዙ ነበር። ሙለታ ሲገባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ቀስ፣» አሉ። «ተኝታለች። ስልኩ ሲጮኽ ሰምቼ ነበር፤ የኔም ሲጠራ። ከገባሁ ትነቃለች ብዬ ተውኩት።»

ሙለታ በሩን በትከሻው ገፋው። ክፍሉ ሞቃት ነበር፤ ምንም አይሸትም። ሀዋኒ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ጤነኛ ትመስል ነበር። የቀለሟም ጉንጭ እንደዚያው ቀልቶ ነበር። ተሸክመው ደጅ አወጧት፣ ዓብዱልፈታሕ ውሃ ረጨባት፣ ጎረቤት በጠራው ባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሙ ብዙ አልቆየም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሙለታ ወደዚያ ክፍል የተመለሰው ሲነጋጋ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ አድሯል። ስልኮቹን አንድ በአንድ ገለል አደረጋቸው። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታለች። ሳጥኑን ከፍቶ ኮንቨርተሩን ነካው፤ ቀዝቅዟል፣ ግን ጥግ ላይ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣሟል። ቴስተር አያስፈልገውም ነበር። ራሱን ሲያጠፋ ሁለቱንም መውጫ ነው የሚዘጋው። ተነግሮታል።

ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ሶረቲም መጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ስልኳን የሚያቀብላት የለም፣ እሷም አትጠይቅም። ሌሎቹም አልጠየቁም።

ሽማግሌዎቹ ስለ ፊሮምሳ ተመካክረው ጨርሰዋል። የሚስት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሁለት ሰዎች ገና ሳይነጋ ጊኒር ሄደዋል፤ ካለበት ማሳ ደርሰው፣ አጠገቡ ቆመው፣ ይዘውት ይነግሩታል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን አይደርሱም። እስከዚያ ከዚህ ግቢ ማንም ስልክ እንዳያነሳለት ተባለ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሀዋኒ ስልክ ጠራ። ከአልጋዋ ራስጌ ነበር። መስተዋቱ ላይ የፊሮምሳ ስም ወጣ፣ ከሥሩም ሕፃን ያቀፈች የሀዋኒ ፎቶ። ሙለታ ብድግ አድርጎ መዳፉ ላይ ያዘው። አንድ ሰው ይዘጋ አለ። አዴ ሲምቦ ከውጭ ሆነው፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «አትዝጉት፣» አሉ። «ከተዘጋ ክፉ ይጠረጥርና ብቻውን መንገድ ይገባል። ይጥራ። ተኝታለች ይበል።»

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ከአፍታ በኋላ እንደገና ጀመረ። ዓብዱልፈታሕ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። በሳሎን ቢሊሱማ ርቧት ታለቅሳለች፤ ጡት የምታጠባ ጎረቤት እየተፈለገ ነው።

ሙለታ የልጁ ስልክ መቼም እንዳይዘጋ ነበር የፈለገው። የፈለገው ሆነለት። ፊሮምሳ ሲደውል፣ ትቶ ሲቆይ፣ እንደገና ሲደውል፣ የተላኩት ሁለት ሰዎች እስኪደርሱለት ሙለታ ስልኩን እንደያዘ ተቀመጠ። አሥራ አንደኛው ጥሪ ሲቆም መስተዋቱን አየው። ባትሪው ገና ዘጠና ሁለት ከመቶ ነበር።